ብርሃንን በብርሃን መደመር

የሁለት የእጅ ባትሪዎችን ጨረር በመስቀለኛ ቢለቁት አንዱ ሌላውን ሳይነካ ያልፋል። የፋይበር መረብ የቆመው በዚህ ጠባይ ላይ ነው። በአንዲት የመስታወት ክር ውስጥ 80 ያህል የሌዘር ሞገዶች የየራሳቸውን መልእክት ይዘው ጎን ለጎን ይጓዛሉ፤ አንዱም ለዓይን አይታይም።

ይህ ሰላም የሚዘልቀው ግን ብርሃኑ ደካማ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ከር እ.ኤ.አ. በ1875 ኤሌክትሪክ ያረፈበት መስታወት ብርሃንን የሚያሳልፍበት ሁኔታ እንደሚለወጥ አሳየ። ብርሃን ራሱ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ነውና ሲበረታ የሚያልፍበትን መስታወት ይለውጠዋል። ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሆኖም የፋይበሩ እምብርት 9 ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ብርሃኑ ይታመቃል፣ መንገዱም ብዙ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥቂቱ እየተጠራቀመ ይበዛል።

ያኔ ሞገዶቹ እርስ በርስ መነካካት ይጀምራሉ። 193.1 እና 193.2 ቴራኸርትዝ ላይ ያሉ ሁለት ሌዘሮች ማንም ያልላካቸውን ሁለት አዲስ ሞገዶች ይወልዳሉ፦ አንዱ 193.0፣ ሌላው 193.3 ላይ። መሐንዲሶች «ፎር ዌቭ ሚክሲንግ» ይሉታል። ሞገዶቹ ስምንት ከሆኑ ደግሞ የሚወለዱት ቅልቅሎች ብዛት 224 ይደርሳል። በእኩል ርቀት የተደረደሩ ከሆነ ብዙዎቹ በሌላው መልእክት ላይ ይወድቃሉ። በ1990ዎቹ ብዙ ሞገዶችን በአንድ ክር መላክ ሲስፋፋ በዚህ ክፉኛ የተጎዳው፣ የሚገርመው፣ በጣም የተደከመበት ፋይበር ነበር። ምልክት እንዳይበታተን ሲባል ሁሉም ሞገዶች በተቀራራቢ ፍጥነት እንዲሄዱበት ተደርጎ የተሠራ ነውና፣ አብረው በሄዱ ቁጥር የመቀላቀያ ጊዜ አገኙ። መድኃኒቱም ጥቂት መበታተንን ሆን ብሎ መመለስ ሆነ።

እንግዲህ ያንኑ ጠላት፣ ቅልቅሉን፣ ሥራ ማስያዝ ይቻላል ያሉ ተመራማሪዎች ተቃራኒውን አደረጉ። እምብርቱን አጠበቡት፣ ጀርማኒየም ጨመሩበት፤ ብርሃን ከተራው ፋይበር አሥር እጥፍ ገደማ በርትቶ የሚቀላቀልበት ክር አገኙ።

ሥራው ሁለት ምልክቶችን በአንድ ሞገድ ላይ መደመር ነው፤ እንዲህ ይከናወናል። ሁለት ምልክቶች በተለያየ ድግግሞሽ ይመጣሉ። እያንዳንዳቸው በየምቱ ከአራት የሞገድ አቀማመጦች በአንዱ ይገኛሉ፤ አራት አማራጭ ማለት ሁለት ቢት ነው። «ፓምፕ» የሚባሉ ብርቱ ሌዘሮች አብረዋቸው ወደ ክሩ ይገባሉ። የፓምፖቹ ድግግሞሽ በስሌት ስለተመረጠ ከቅልቅሉ የሚወለደው የሁለቱም ምልክቶች ቅጂ አንድ ድግግሞሽ ላይ ያርፋል። የአንደኛው ቅጂ ቁመት የሌላው ግማሽ እንዲሆን ከተደረገ፣ አራቱ በአራቱ ተባዝተው 16 የተለያዩ ነጥቦች ይወጣሉ። አንዱ ሞገድ አሁን በየምቱ አራት ቢት ይሸከማል፣ የሁለተኛውም ቦታ ነጻ ይወጣል። በሎስ አንጀለስ፣ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የአላን ዊልነር ቡድን በዚህ መስክ ከሚታወቁት አንዱ ነው።

ውበቱ ብርሃኑ ወደ ኤሌክትሪክ ሳይለወጥ መደመሩ ነው። መስታወቱ በፌምቶ ሰከንዶች ውስጥ ምላሽ ይሰጣል፤ ተራ የኤሌክትሮኒክ ትራንዚስተር ይህን ያህል አይፈጥንም።

ችግሩ የሚጀምረው ከፓምፑ ነው። ከመጠን በላይ ሲበረታ በመስታወቱ ውስጥ የድምፅ ሞገድ ይቀሰቅስና ብርሃኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን ለመከላከል ፓምፑን ያናውጡታል፤ ንውጥውጡ ደግሞ ወደ ተደመረው ምልክት ይጋባል። ሁለቱ ቅጂዎች ሲገናኙ የሞገዳቸው እርከን ካልተናበበ ድምሩ ይበላሻል። ስለዚህ ሌዘሮቹን ከአንድ ምንጭ ማውጣት ይመረጣል። በዚያ ላይ 16ቱ ነጥቦች ከአራቱ ይልቅ ስለሚቀራረቡ ትንሽ ሁካታ ያደባልቃቸዋል፤ የተደመረው ምልክት እንደ ወላጆቹ ሩቅ አይሄድም።

በአንጻሩ በየጣቢያው የተተከለው ኤሌክትሮኒክ ቺፕ ምልክቱን ተቀብሎ ያጸዳል፣ ስሕተት ያርማል፣ መልሶ ይልካል። ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ግን አስተማማኝ ነው። በእኔ ግምት ብርሃን በብርሃን የሚደምረው ፋይበር ከላብራቶሪ ጠረጴዛ ወደ መንገድ ዳር ሳጥን የሚወርደው የፓምፑ ወጪ ከቺፑ ወጪ በታች ሲሆን ብቻ ነው። ለዚህም ይመስላል አሁን ብዙዎች ረጅሙን ክር ትተው ያንኑ ቅልቅል በሲሊኮን ናይትራይድ ቺፕ ላይ፣ በጥቂት ሴንቲ ሜትር መንገድ ውስጥ ለመሥራት የሚሞክሩት።