ጉልት በመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ

ከ1270 እስከ 1520ዎቹ ድረስ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በኢትዮጵያ ክርስቲያናዊ መንግሥት ንጉሡን፣ ወታደሩን፣ ገዳሙንና ገበሬውን ያስተሳሰረው ዋነኛው ሥርዓት ጉልት ነበር። ጉልት ማለት የአንድ አገር ገበሬዎች ለንጉሡ ይገብሩት የነበረውን ግብርና ይሰጡት የነበረውን አገልግሎት፣ በንጉሡ ፈቃድ ሹም፣ ወታደር ወይም ቤተ ክርስቲያን እንዲቀበለው የሚያደርግ መብት ሲሆን፣ ተቀባዩ ባለጉልት ይባላል። ቃሉ ጎለተ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ የምድጃው ጉልቻም የዚያው ግሥ ዘር ነው።

ጉልትን ከርስት ጋር ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው፤ የዘመኑን ኅብረተሰብ አኗኗር ከሚጋርዱት ነገሮችም ይህን ያህል የሚጎዳ የለም። ርስት ገበሬው ከአባቱም ከእናቱም ወገን በትውልድ የሚያገኘው፣ ወንድም ሴትም ልጅ የሚወርሰው የመሬት መብት ነው። ስለዚህ ባለጉልቱ ቢሻር ወይም ቢሞት ባለርስቱ ከእርሻው አይነቀልም፤ የሚለወጠው እህሉን፣ ማሩንና ከብቱን የሚያስረክብለት ጌታ ነው።

ነገሥታቱ ወደዚህ ሥርዓት ያዘነበሉት ደመወዝ የሚከፍሉበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ነው። የአክሱም ሳንቲም ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም ቋሚ መቀመጫ ሳይኖረው ከነድንኳኑና ከነሠራዊቱ ከአገር አገር ይዘዋወር ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ጨዋ የሚባሉ የጦር ጓዶችን በየክፍለ ሀገሩ ሲያሰፍሩ የሠራዊቱ ስንቅ በየአካባቢው ገበሬ ላይ ወደቀ። ዛሬ ጨዋ የሚለው ቃል መልካም ጠባይ ላለው ሰው ሲነገር የሚሰማ አንባቢ፣ በዚያ ዘመን ጨዋው በገበሬው ደጃፍ ምን ይዞ ይቆም እንደነበር ማሰብ ይገባዋል። ጉልት ለሴቶችም ይሰጥ ነበር፤ ንግሥት እሌኒ በጎጃም ሰፊ ግዛት ነበራት። በ1520 ወደ አገሩ ገብቶ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፣ ንጉሡ ሹማምንቱን እንደ ፈቃዱ ይሾምና ይሽር እንደነበር ጽፏል፤ ነገ መነሳቱን የሚጠረጥር ሹም ደግሞ ለገበሬው የሚራራበት ምክንያት አነስተኛ ነው።

ለገዳማት የሚሰጠው ጉልት ግን ለዘለዓለም የታሰበ ነበር፤ ንጉሡ በልዋጩ ጸሎትና የነፍስ መታሰቢያ ያገኛል፣ ገዳሙም ከቤተ መንግሥት ጋር ይቆራኛል። ይህን ማሰሪያ የፈሩ መነኮሳት ነበሩ፤ የቅዳሜን ሰንበት ክብር በመጠበቃቸው የተሰደዱት የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ከገዥዎች ስጦታ መቀበልን ይነቅፉ ነበር። በ1450 የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የቅዳሜ ሰንበት መከበር ሲፈቀድ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ታረቁ።

ስጦታው የሚመዘገብበት መዝገብ ቤት ባለመኖሩ ቦታው የወንጌል መጽሐፍ ሆነ። ጸሐፊው አንዱ ወንጌል አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባለው ባዶ ገጽ ላይ የንጉሡን ስም፣ የተሰጠውን አገር፣ በጊዜው በሹመት ላይ የነበሩትን ሰዎች ዘርዝሮ ይጽፋል፤ ከእነሱም መካከል የዐቃቤ ሰዓትነትን ማዕርግ የሚይዘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት ይገኛል። በመጨረሻም ስጦታውን የሚሽር ወይም የሚቀማ ሁሉ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ፣ በሐዋርያትም አፍ የተወገዘ እንዲሆን ይጽፋል። ዳኛ ሊደርስበት በማይችልበት ሩቅ ገዳም ይህ ግዝት እንደ ማኅተም ያገለግል ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሐይቅ ያበረከቱት ወንጌል እንዲህ ያሉ ማስታወሻዎችን ይዞ እስከ ዛሬ አለ። በእነዚህ ጥንታዊ ብራናዎች አንዳንድ ገጽ ላይ የቀድሞው ጽሑፍ በቢላዋ ተፍቆ፣ በሻከረው ቦታ ላይ የሌላ ባለጉልት ስም ተተክቶ ይገኛል።