ራሱን የሚደብቀውን የልብ ሕመም አስቀድሞ ስለ ማየት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ አበው ይመክራሉ። ምክሩ የተነገረው ሕመሙን እያወቀ ለሚሸሽግ ሰው ነው። ነገር ግን በሽታው ራሱ ከባለቤቱ የተደበቀ እንደ ሆነ ምን ማድረግ ይገባል? ሰውየው ጤነኛ ነኝ ብሎ ሥራውን ሲሠራ፥ ልጆቹን ሲያስተምርና የከርሞውን ሲያቅድ፥ በሽታው ድምፁን አጥፍቶ በደረቱ ውስጥ ለዓመታት ያድጋል። ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች ሕመም ጠባዩ እንዲህ ነው። ከሚያጠቃቸው ሰዎች ለብዙዎቹ የመጀመሪያው ምልክት ድንገት የሚጥል የልብ ሕመም ነው፤ ለአንዳንዶቹም የመጀመሪያውና የመጨረሻው ምልክት ሞት ይሆናል። ስለዚህ ይህን የተደበቀ ጠላት ገና ሳያጠቃ ለማየት ስለሚቻልበት ምርመራ፥ ስለ ጥቅሙም ስለ ወሰኑም፥ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለመግለጽ እንወዳለን። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው ልብ ለመላው አካል ደም የሚረጭ ጡንቻ ነው። ይሁን እንጂ እርሱ ራሱ ምግቡን የሚያገኘው በውስጡ ከሚያልፈው ደም ሳይሆን፥ በላዩ ላይ እንደ አክሊል ከተጠመጠሙት ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። የእነዚህ ሥሮች ግድግዳ ቀስ በቀስ ስብ ይቋጥራል፤ ስብ የተቋጠረበት ቦታም ይቈስላል፤ ቍስሉ እየቈየ ሲሄድ አጥንትን የሚያጠነክረው ካልሲየም ይጋገርበታል። አንድ ቀን ይህ ቋጠሮ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ፥ ደሙ በዚያ ላይ ይረጋና መንገዱን ይዘጋል፤ በዚያ ሥር ይመገብ የነበረውም የልብ ጡንቻ ምግብ አጥቶ ይሞታል።

ይህ የሽማግሌዎች ነገር ብቻ እንዳይመስለን። በ1953 ዓ.ም. የአሜሪካ የጦር ሐኪሞች በኮሪያ ጦርነት የሞቱትን የ300 ወታደሮች ልብ መርምረው ያገኙትን አስታውቀው ነበር። የሟቾቹ ዕድሜ በአማካይ 22 ዓመት ያህል ሲሆን፥ ከአራት እጅ ሦስቱን እጅ በሚበልጡት ላይ የሥሮቹ ሕመም መጀመሩ ታየ። እንግዲህ በሃምሳ ዓመቱ በድንገት የሚወድቅ ሰው በሽታው በዚያው ቀን አልያዘውም፤ ብዙ ዘመን አብሮት ኖሯል ማለት ነው።

ታዲያ ደረት ሳይከፈት ይህን እንዴት ማየት ይቻላል? መንገዱን የከፈተው ሲቲ ስካን የተባለው የራጅ መሣሪያ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በሠራው በዚህ መሣሪያ የአንዲት በሽተኛ አንጎል በ1971 ዓ.ም. በሎንዶን ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ፤ እርሱም ስሌቱን ቀድሞ ከደረሰበት ከአለን ኮርማክ ጋራ በ1979 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ነገር ግን አንጎል ጸጥ ብሎ የሚቀመጥ ሲሆን ልብ አያርፍምና ሥዕሉ ይደበዝዝ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ግን አርተር አጋትስተን፥ ዋረን ጃኖዊትዝና ባልደረቦቻቸው ይበልጥ ፈጣን በሆነ መሣሪያ በልብ ሥሮች ላይ የተጋገረውን ካልሲየም አንሥተው በቍጥር የሚለካበትን ዘዴ አሳተሙ። ዘዴው እስከ ዛሬ ድረስ በአጋትስተን ስም ይጠራል።

ምርመራው የሚያስፈራ አይደለም። ተመርማሪው በአልጋው ላይ ይጋደማል፤ የልቡን ምት የሚከታተሉ ሽቦዎች በደረቱ ላይ ይለጠፉለታል፤ ለጥቂት ሰኮንድ ትንፋሹን ይይዛል። መሣሪያውም ልብ በሁለት ምት መካከል ጋብ የሚልበትን ቅጽበት ጠብቆ ያነሣል። መርፌም ሆነ በደም ሥር የሚገባ ቀለም አያስፈልግም። የጨረሩም መጠን አንድ ሚሊሲቨርት ያህል ነው፤ ይኸውም ሰው በአንድ ዓመት ከተፈጥሮ ከሚቀበለው አማካይ ጨረር ያነሰ ነው።

የውጤቱ አነባበብ እንዲህ ነው። ዜሮ ማለት የተጋገረ ካልሲየም አልታየም ማለት ነው። ከ1 እስከ 99 ያለው ቍጥር ሕመሙ መጀመሩን ይመሰክራል። 100ና ከዚያ በላይ የሆነ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ ሐኪሞች ስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት ያዛሉ፤ ከ400 በላይ ሲሆን ደግሞ አደጋው ከፍ ያለ ነው። በ2018 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ይህን ምርመራ የሚመክረው ለሁሉም ሰው አይደለም። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 75 ሆኖ፥ አደጋቸው ከብዙም ከጥቂትም ሳይመደብ በመካከል ለሆነና መድኃኒቱን ልጀምር ወይስ ልቈይ እያሉ ለሚያመነቱ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። አንደኛ፥ ደረቱን የሚጫነው፥ ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚሄድበት ሰው ቍጥር አስለካለሁ ሲል ጊዜ አያጥፋ፤ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። በሴቶች ላይ ሕመሙ አንዳንድ ጊዜ በትንፋሽ ማጠር፥ በማቅለሽለሽ ወይም ባልተለመደ ድካም ይገለጻልና «ድካም ነው፥ ያልፋል» ተብሎ አይናቅ። ሁለተኛ፥ ዜሮ የተባለ ሰው ነጻ ወጣሁ ብሎ ወደ ሲጋራው አይመለስ። ገና ካልሲየም ያልያዘ ለስላሳ ቋጠሮ በዚህ ምርመራ አይታይምና። ሦስተኛ፥ ስታቲን የሚወስድ ሰው በኋላ ተለክቶ ቍጥሩ ከፍ ቢል አይደንግጥ። መድኃኒቱ ለስላሳውን ቋጠሮ ሲያጠነክረው ካልሲየሙ ሊጨምር ይችላል።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ፥ ማየት ብቻውን ያድናል ወይ? የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጥ አንድ ጥናት በስኮትላንድ ተደርጓል። ደረታቸውን የሚያማቸው 4,146 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፥ ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ሲያገኙ፥ ግማሾቹ በተጨማሪ ቀለም በደም ሥር እየገባ በሚደረገው ሌላ ዓይነት የልብ ሲቲ ስካን ታዩ። በ2018 ዓ.ም. በወጣው ውጤት መሠረት፥ በአምስት ዓመት ውስጥ በዚህ ሕመም የሞቱት ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም ያገኛቸው፥ ካልታዩት መካከል ከመቶ 3.9 ሲሆኑ ከታዩት መካከል ግን ከመቶ 2.3 ነበሩ። ሥዕሉ ራሱ ማንንም አልፈወሰም። ነገር ግን ከታዩት መካከል የመከላከያ መድኃኒት የጀመሩት ይበልጡ ነበር። ሥዕል አይቶ ወደ ቤቱ ተመልሶ እንደ ቀድሞው የሚኖር ሰው ገንዘቡን ከስሯል።

ይህ መሣሪያ ለማይደርሰው ሰው ደግሞ ተስፋ አይቈረጥም። በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ በ1948 ዓ.ም. 5,209 ሰዎችን ይዞ የተጀመረው ጥናት የደም ብዛት፥ ኮሌስትሮልና ሲጋራ የዚህ በሽታ መንገድ ጠራጊዎች መሆናቸውን አስተምሯል። የደም ብዛት ለመለካት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሲጋራ ለመተውም የሐኪም ማዘዣ አይጠየቅም። በቦሊቪያ ደን የሚኖሩት ቺማኔ የተባሉት ሕዝቦች እያረሱ፥ እያደኑና ዓሣ እያጠመዱ ቀኑን በእግራቸው ይውላሉ። በ2017 ዓ.ም. በወጣው ጥናት ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆነ 705 ሰዎች በዚሁ መሣሪያ ሲታዩ፥ ከመቶው 85ቱ ቍጥራቸው ዜሮ ሆኖ ተገኘ።

ከገጠር ወደ ከተማ የገባ ቤተ ሰብ እግሩ ያርፋል፤ ማዕዱም ይሰባል። ስለዚህ አባወራውም እማወራዋም አርባ ዓመት ሲሞላቸው የደም ብዛታቸውን፥ ስኳራቸውንና ኮሌስትሮላቸውን ያስለኩ። አባታቸው ወይም ወንድማቸው ከ55 ዓመቱ በፊት፥ እናታቸው ወይም እኅታቸው ከ65 ዓመቷ በፊት በልብ ሥር ሕመም ተይዘው እንደ ሆነ ይህን ለሐኪማቸው ሳይሸሽጉ ይንገሩ። የካልሲየሙ ምርመራ ያስፈልግ እንደ ሆነ ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ይወስናል። በሽታው ቢደበቅም እኛ አንደበቅ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነውና።