የሙቀት መለኪያ በአዊ ደጋ

እናት መዳፏን በሕፃኗ ግንባር ላይ አኑራ «ትኩሳት አለው» ማለቷ ከጥንት የመጣ ልማድ ቢሆንም፣ መዳፍ የሚያውቀው በራሱና በተዳሰሰው ገላ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ስለ ሆነ፣ በእንጅባራ የማለዳ ብርድ የደነዘዘ እጅ ጤነኛውን ልጅ ትኩስ፣ ከምድጃ ዳር የተነሣ እጅ ደግሞ በንዳድ የሚቃጠለውን ደኅና ሊያስመስለው ይችላልና፣ ሙቀትን በቁጥር የሚመሰክር መሣሪያ ለቤት ያስፈልጋል።

ከእነዚህ መሣሪያዎች በዕድሜ ታላቁ፣ ፋራንሃይት የተባለው ሊቅ በ1714 እ.ኤ.አ. ከሠራው የባዜቃ መለኪያ የተወለደው የመስተዋት ቴርሞሜትር ነው። ባዜቃው ሲሞቅ አብጦ በቀጭኑ ቧንቧ ይወጣል፤ ከሥሩ ያለችው ጠባብ አንገትም እስኪራገፍ ድረስ ወደ ታች እንዳይመለስ ስለምትይዘው፣ ከብብት ከወጣ በኋላ እንኳ ያየውን አይለውጥም። ከ35 ዲግሪ በታች ተራግፎ አምስት ደቂቃ ያህል በብብት ለሚያቆየው ትዕግሥተኛ ሰው ስሕተቱ ከ0.1 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። ነገር ግን ባዜቃ መርዝ ነው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀውና በጃፓናዊቱ ከተማ በሚናማታ ስም የተጠራው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ይህን መሣሪያ ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ከገበያ እንዲወጣ ወስኗል። በባትሪ የሚሠራው ዲጂታል ቴርሞሜትር ደኅና ሆኖ ከተሠራ በትኩሳት ወሰን ውስጥ ያንኑ ያህል ትክክል ነው።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ በግንባራችን ላይ ሲነጣጠር ያየነው የጨረር መለኪያ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ ገላን ሳይነካ በቅጽበት ቢናገርም፣ የሚያነበው የቆዳን ሙቀት ብቻ ስለ ሆነ በደኅናው ጊዜ እንኳ 0.3 ዲግሪ ያህል ሊስት ይችላል፤ በእንጅባራ ዝናብ ሲመታ ቆይቶ የገባውን ሰው ግንባር ለክቶማ ከዚያ እጅግ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከጃዊ ቆላ በወባ ተይዞ የመጣ ሰው ብርድ ብርድ እያለው በሚንቀጠቀጥበት ሰዓት፣ የውስጡ ሙቀት እየወጣ ሳለ ቆዳው ቀዝቃዛ ስለሚሆን፣ መሣሪያው ድውዩን ጤነኛ ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል።

የግድግዳና የወጥ ቤት መለኪያን በፈላ ውሃ መፈተን የለመደም ይጠንቀቅ፤ ሴልሺየስ በ1742 እ.ኤ.አ. ካወጣው ሥርዓት የመጣው የ100 ዲግሪ መፍላት የባሕር ወለል ሕግ ሲሆን፣ ከ2,500 ሜትር በላይ በምትገኘው በእንጅባራ ውሃ በ92፣ በዳንግላም በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ እውነተኛው መሣሪያ ያለ በደሉ ሐሰተኛ ይባላል። በረዶ ግን በደጋም በቆላም በ0 ዲግሪ ይቀልጣልና፣ ተፈጭቶ ከጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጋር የተቀላቀለ በረዶ የታመነ ዳኛ ነው። የሕመምተኛውን የመስተዋት ቴርሞሜትር በፈላ ውሃ የሚነክር ግን ይሰብረዋል፤ ይህ ዓይነቱ በጤና ጣቢያ ካለው ጋር ለብ ባለ ውሃ ጎን ለጎን ቢነጻጸር ይበቃል።

እንግዲህ ለአዊ ቤተሰብ የምመርጠው በብብት የሚያዘውን ዲጂታል ነው። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን በብብቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከተገኘበት፣ ወላጆች ሆይ፣ ቁጥሩ እስኪወርድ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።