ስለ ሕፃን ልጅ የቀን ምግብና መክሰስ አደላደል

የሰው አካል መሠረቱ የሚጣለው በሕፃንነቱ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው መሠረቱን በደካማ አፈር ላይ ያቆመ እንደ ሆነ፥ ጣራውን ቢያሳምርም ግድግዳው መሰንጠቁ አይቀርም። እንደዚሁም ከተፀነሰ ጀምሮ 2 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ምግብ የጎደለበት ልጅ፥ ኋላ ቢጠግብም የቀረበትን ቁመትና የአእምሮ ብርታት ሁሉ መልሶ ለማግኘት ይቸግረዋል። በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 38ቱ ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት ሳይደርሱ ተገኝተዋል። መምህር በ7 ዓመቱ የሚቀበለው ተማሪ በ2 ዓመቱ በእናቱ ምድጃ አጠገብ የተሠራ ነውና፥ ይህ ነገር የእናቶች ብቻ ሳይሆን የመምህራንና የሽማግሌዎችም ጉዳይ ነው።

«ልጅ በጡት፥ እህል በጥቅምት» ይባላል፤ እውነት ነው። ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ከ6 ወር በኋላ ግን ጡት ብቻውን ስለማይበቃው ምግብ ይጨመርለታል፤ ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ አይቋረጥበትም። ከዚህ በታች የሚነገረው ከ1 ዓመት እስከ 2 ዓመት ስላለው ሕፃን ነው።

ስለ ሕፃን ምግብ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው የሆዱ ልክ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በአንድ ጊዜ ሆዱ የሚይዘው 300 ግራም ያህል ብቻ ነው። ሆዱ ትንሽ፥ ዕድገቱ ግን ፈጣን ስለ ሆነ፥ እንደ ትልቅ ሰው ጧትና ማታ ብቻ ቢበላ አይበቃውም። ስለዚህ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ገበታ፥ በመካከሉም 1 ወይም 2 ጊዜ መክሰስ ያስፈልገዋል። ለአንድ ገበታ የሚበቃው ሩብ ሊትር በሚይዝ ኩባያ ከሦስት አራተኛው እስከ ሙሉው ነው። ደግሞም ቀጭን አጥሚት ሆዱን በውሃ ይሞላዋል እንጂ ጉልበት አይሰጠውም። ገንፎው ማንኪያው ዘንበል ሲል ቶሎ የማይፈስ፥ ወፈር ያለ ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው ነገር የምግቡ ዓይነት ነው። እህል ብቻውን ሕፃንን አያሳድግም። የገንፎው ዱቄት ከ3 እጅ እህል፥ ማለት ከጤፍ፥ ከገብስ፥ ከስንዴ ወይም ከበቆሎ፥ እና ከ1 እጅ ጥራጥሬ፥ ማለት ከሽምብራ፥ ከባቄላ ወይም ከምስር፥ ታምሶና ተከክቶ አብሮ ቢፈጭ ጥሩ ይሆናል። እንሰት በሚበላበት አገር ደግሞ ቆጮና ቡላ ሥጋን የሚገነባ ነገር እጅግ ስለሚያንሳቸው፥ ወተት፥ አይብ ወይም ጥራጥሬ ሊጨመርላቸው ግድ ነው። ከእህሉና ከጥራጥሬው ጋር በየቀኑ ከእንስሳ የሚገኝ ምግብ፥ ማለት እንቁላል፥ ወተት፥ እርጎ፥ አይብ፥ ዓሣ ወይም ደቅቆ የተከተፈ ሥጋ ቢገኝ፥ ለደምና ለአጥንት ይረዳዋል። ጎመን፥ ዱባ፥ ካሮት፥ ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ ስኳር ድንች፥ ማንጎና ፓፓያ ለዐይን ብርሃንና በሽታን ለመከላከል ይጠቅማሉ። ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ሲጨመር ምግቡ ሳይበዛ ጉልበቱ ይበዛል።

የአንድ ቀን አደላደል ምሳሌ እንደሚከተለው ነው።

ጧት በ1 ሰዓት፤ ከእህልና ከጥራጥሬ ዱቄት የተሠራ ገንፎ በወተትና በጥቂት ቅቤ።

በ4 ሰዓት መክሰስ፤ የተፈጨ ሙዝ፥ ፓፓያ ወይም ማንጎ።

በ6 ሰዓት ምሳ፤ በርበሬ ባልገባበት የምስር ወይም የክክ ወጥ የተፈተፈተ እንጀራ፥ ደቅቆ ከተከተፈ ጎመን ጋር።

በ9 ሰዓት መክሰስ፤ የተቀቀለ እንቁላል ወይም አንድ ስኒ እርጎ።

ማታ በ12 ሰዓት እራት፤ ከተቀቀለ ዱባ ወይም ድንች ጋር የተለወሰ ገንፎ ወይም ፍትፍት።

ጡት በየመካከሉና ሌሊት ይሰጠዋል። ያልተገኘው ነገር በአገሩ በሚገኘው ይተካል፤ ቍጥሩና ልዩ ልዩነቱ ግን አይጓደል።

በብዙ ቤት ይህ አደላደል የሚፈርሰው በጾም ወራት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሕፃናት እስከ 7 ዓመት ድረስ በጾም አይገደዱም። በእስልምናም ሥርዓት ልጅ ለአካለ መጠን ሳይደርስ የረመዳን ጾም ግዴታ የለበትም። እናቶችም ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ነገር ግን ለሕፃኑ እንቁላልና ወተት ቢያበስሉ የቤቱ ዕቃ በፍስክ ይነካል ብለው ይፈራሉ፤ ምሳ የማይበሰልበት ቀን ሲሆን ደግሞ ሕፃኑም ከቤተ ሰቡ ጋር ሳይበላ ይውላል። ስለዚህ በሥርዓት ያልታዘዘ ጾም በሕፃኑ ላይ ይወድቅበታል። መድኃኒቱም ቀላል ነው። አንዲት ትንሽ ድስት፥ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለሕፃኑ ብቻ ተለይተው ለብቻቸው ይቀመጡ፤ ለብቻቸውም ይታጠቡ። እናቲቱ ምግቡን መቅመስ እንዳያስፈልጋት ጨውን አስቀድማ በመጠን ትለካ። ዶሮ በጾም ወራት እንቁላል መጣልዋን፥ ላምም መታለብዋን አትተውም፤ እንቁላሉ ሁሉ ወደ ገበያ ከመሄዱ በፊት አንዱ ለሕፃኑ ይቅር።

ከዚህም ሌላ ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ምግብ ከመሥራትና ከማጉረስ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፥ ወተትንም ሳያፈሉ አለመስጠት ያስፈልጋል። ቡናና ሻይ በምግብ ውስጥ ያለውን ለደም የሚረዳ ብረት ሰውነት እንዳይቀበለው ያውካሉና ለሕፃን አይሰጡም። ቆሎና ለውዝ ሳይፈጩ ቢሰጡት ጉሮሮውን ዘግተው ሊገድሉት ይችላሉ።

ሕፃኑ ከትልልቆች ጋር በአንድ ገበታ ሲቀርብ የሚሻሙት ይበዛሉና፥ እርሱም ገና መጉረስ ይማራልና፥ ድርሻው በራሱ ሳህን ይለይለት። ያን ጊዜ ምን ያህል እንደ በላ እናቱ ታያለች። ሲያጎርሱትም በትዕግሥትና በጨዋታ እንጂ በግድ አይሁን። በታመመ ጊዜ ምግብ መከልከል አይገባም፤ ጡትና የሚጠጣ ነገር ይጨመርለት፥ ምግቡም በጥቂት በጥቂቱ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። ከዳነም በኋላ ለ2 ሳምንት ያህል በየቀኑ አንድ ገበታ ይጨመርለት።

እንግዲህ መምህር ይህን አደላደል ለተማሪዎቹ ቢያስተምር፥ ታናናሾቻቸውን የሚጠብቁት እነርሱ ናቸውና ትምህርቱ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይገባል። ሽማግሌም ቃሉ ይሰማልና፥ በማኅበርና በዕድር በተሰበሰቡ ጊዜ የሕፃኑን ድስት መለየት ነውር እንዳይደለ፥ የገበያውም ሳንቲም ከልጁ አጥንት እንደማይበልጥ ቢናገር፥ የምታፍረው እናት ትደፍራለች። ባልም ከዶሮዋ እንቁላል ለልጁ የሚቀረውን አይከልክላት። ለአገር የሚሆን ሰው የሚገኘው በእንዲህ ያለ ጥቂት፥ ነገር ግን በየቀኑ በማይጓደል ጥንቃቄ ነው።