ፔዳሉ ከእግር ወደ እጅ ሲመጣ

በባትሪ የሚሄድ የልጆች መኪና ወለሉ ላይ ትንሽ ፔዳል አለችው። ልጁ በእግሩ ሲረግጣት ከመቀመጫው ሥር ካለው ባለ 6 ወይም ባለ 12 ቮልት ባትሪ ኃይል ወደ ሞተሩ ይሄዳል፤ ሲለቃት መኪናው ይቆማል። እግሩ ለማይታዘዝለት ልጅ ይህ መኪና የቤት ጌጥ ብቻ ነው። ፔዳሏ በሌላ ማብሪያ ስትተካ ግን ያው መኪና መንቀሳቀሻው ይሆናል።

ሐሳቡን ያስፋፋው በአሜሪካ የደላዌር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ኮል ጋሎዌይ ነው። ከኢንጂነሩ ሱኒል አግራዋል ጋር ገና ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት የሚነዷቸውን ትንንሽ ሮቦቶች ሲሞክር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ «ጎ ቤቢ ጎ» በተባለው ፕሮግራም ፊቱን ወደ አሻንጉሊት መደብር አዞረ። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወንበር በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጥ ከባድ ዕቃ ሲሆን ለጨቅላ ልጅ እምብዛም አይሰጥም። የልጆች መኪና ግን በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል።

ገና በጨቅላነት ለመጀመር መቸኮሉ ምክንያት አለው። ዳዴ የሚል ሕፃን ዕቃ አይቶ ይሄዳል፣ ይነካል፣ ይመለሳል፤ ርቀትን የሚለካው፣ እናቱን ዞር ብሎ የሚፈልገው፣ ከእኩዮቹ ጋር የሚሻማው በዚህ ነው። ሰው አንስቶ የሚያስቀምጠው ልጅ ይህ ሁሉ ይዘገይበታል። ስለዚህ መንቀሳቀስ ሕክምናው ሲያልቅ የሚሰጥ ሽልማት ሳይሆን ከሕክምናው ጋር አብሮ መጀመር ያለበት ነገር ነው።

ሥራው የሚጀምረው ፔዳሏን በመፍታት ነው። ከሥሯ የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ይቀጠሉና እስከ መሪው ይዘረጋሉ፤ ጫፋቸው ላይ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ክብ ቁልፍ ይታሰራል። ጣቶቹን ለይቶ ማዘዝ የማይችል ልጅ በመዳፉ ወይም በክርኑ ይጫነዋል፤ የተሻለ የሚያዘው ጭንቅላቱን ከሆነ ቁልፉ ከጆሮው ጎን ይገጠማል። ከዚያ የውኃ መስመር ፒቪሲ ቱቦ ተቆርጦ በመቀመጫው ዙሪያ አጥር ይሠራለታል፣ ስፖንጅም ይለብሳል። ጀርባው ጠንካራ መደገፊያ ያገኛል፤ ደረትና ወገቡ በሰፊ ቀበቶ ይያዛሉ። አንድ ማጥፊያ ደግሞ አዋቂ በሚደርስበት ቦታ ከኋላ ይገጠማል።

ቁልፉ ራሱ ማሠልጠኛም ይሆናል። በአንዱ ዓይነት አሠራር ማብሪያው መቀመጫው ላይ ተገልብጦ ይገጠማል፦ ልጁ ሲቀመጥ መኪናው ይቆማል፤ ብድግ ሲል ይሄዳል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለምኖ የሚያሠራውን መቆም ልጁ ለመንዳት ሲል ደጋግሞ ይሠራዋል።

በአገራችንም ዕቃን ለልጅ አካል የማስማማት ሙያ እንግዳ አይደለም። ቼሻየር ኢትዮጵያ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መናገሻ ላይ አካል ጉዳተኛ ልጆችን ሲያገለግል ኖሯል። አዲስ አበባ የሚገኘው «አዲስ ጉዞ» ከስዊዘርላንድ የሚመጡ ያገለገሉ ተሽከርካሪ ወንበሮችን ጠግኖ በተጠቃሚው ልክ ያስተካክላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 20 አቅምን ያገናዘበ መንቀሳቀሻ ማግኘትን ይመለከታል።

በደቡብ ኢትዮጵያ በሚገኘው ጌዴኦ ዞን ግን መሬቱ ራሱ ይፈትናል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልክዓ ምድር ቡናና እንሰት ከትልልቅ ዛፎች ሥር የሚበቅሉበት ተዳፋት ነው፤ ከጎረቤት ጎረቤት የሚወስደው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት፣ በዝናብ ጊዜም ጭቃ ነው። የፕላስቲክ ጎማ ያላት መኪና ይህን አትወጣውም። የእሷ ቦታ የተደለደለ ግቢ፣ የአፀደ ሕፃናት ወለል ወይም የጤና ተቋም ኮሪደር ነው።

ሙያ ያለው እጅ ግን በዞኑ ከተማ በዲላ ሞልቷል። የባጃጅ ኤሌክትሪክ የሚጠግን ሰው ሁለት ሽቦ መቀጠል አያቅተውም፤ የቧንቧ ሠራተኛው ቱቦውን ይቆርጣል፣ ልብስ ሰፊው ቀበቶውን ይሰፋል። ዲላ ዩኒቨርሲቲም የጤናም የኢንጂነሪንግም ተማሪዎች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ የልጁን አቀማመጥ ይለካሉ፣ ሁለተኞቹ ፍሬሙን ይሠራሉ። ባትሪው የሞተ አሮጌ የልጆች መኪና ለጅምር ይበቃል።

መኪናዋ ተሽከርካሪ ወንበርን አትተካም፤ ልጁ ሲያድግም ትጠበዋለች። ያኔ ቱቦው ይፈታል፣ ቁልፉ ቦታውን ይቀይራል፣ መቀመጫው በቀጣዩ ልጅ ልክ እንደገና ይሠራል።