ሌሎችን ከዋክብት የሚዞሩ ዓለማት በመነጽር እንዴት እንደሚመረመሩ

ተማሪ ከመምህሩ፥ ልጅም ከአያቱ ዘንድ ተቀምጦ በሌሊት ወደ ሰማይ ሲመለከት አስቀድሞ የሚጠይቀው ከዋክብት ስንት ናቸው ብሎ ነው፤ ቀጥሎም በዚያ ምን አለ ይላል። ለፊተኛው ጥያቄ አባቶች ቍጥራቸው እንደ ባሕር አሸዋ ነው ብለው ይመልሱ ነበር፤ ለሁለተኛው ግን እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ መልስ አልተገኘለትም። ዛሬ መልሱ በጥቂቱ ተጀምሯል። ዳሩ ግን ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ በዓይን የታየው በሐሳብ ከተገመተው ጋራ እየተደባለቀ ይነገራል። በመንደር ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ሁለቱን ለይቶ ያስረዳ ዘንድ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንጽፋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የቀድሞ መምህራን ዘዋሪ ከዋክብትን ሰባት ብለው ይቈጥሩ ነበር፤ እነርሱም ዘሐል፥ መሽተሪ፥ መሪኅ፥ ፀሐይ፥ ዝሁራ፥ አጣርድና ጨረቃ ናቸው። አሁን እንደ ታወቀው ፀሐይ ራስዋ ኮከብ ናት፤ ምድራችንና መሽተሪ፥ ይኸውም ጁፒተር የሚባለው፥ ሌሎቹም ፕላኔቶች እርስዋን ይዞራሉ፤ የሚታዩትም በፀሐይ ብርሃን ነው። እንግዲህ በሌሊት የምናያቸው ከዋክብት እያንዳንዳቸው እንደ ፀሐይ ከሆኑ፥ እነርሱንስ የሚዞራቸው ፕላኔት አለን? የምርመራው ሥራ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የተነሣ ነው። ይህም ምርመራ ዐውደ ነገሥት ገልጦ የሰውን ዕድል ከመቍጠር ጋራ አንዳች ዝምድና የለውም፤ ኮከብ ቈጠራ ነው ብለው የሚጠራጠሩ ሽማግሌዎች ቢኖሩ መምህሩ ይህን አስቀድሞ ይንገራቸው።

ነገሩን ያስቸገረው የከዋክብት መራቅና የብርሃናቸው ብዛት ነው። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎሜትር ያህል ይሄዳል፤ በአንድ ዓመት የሚሄደው 9,500 ቢሊዮን ኪሎሜትር የሚያህለው መንገድ የብርሃን ዓመት ይባላል። የከዋክብትም ርቀት የሚለካው በዚሁ ነው። ደግሞ ፕላኔት ከኮከቡ አጠገብ ሲታይ እጅግ ደካማ ነው፤ የፀሐይን ብርሃን ከሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው ቢኖር ከጁፒተር ብርሃን አንድ ቢሊዮን ጊዜ ያህል በልጦ ያገኘዋል። በማዶ ተራራ ላይ ደመራ ሲነድ በእሳቱ አጠገብ የተተከለችውን አንዲት ጧፍ ከወዲህ ማዶ ሆኖ ለመለየት እንደ መሞከር ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ ጧፏን ማየት ቢያቅታቸው መጀመሪያ በደመራው ላይ የምታደርገውን ለውጥ መመርመር ጀመሩ።

ወንጭፍ የሚያዞር እረኛ ድንጋዩ ከባድ እንደ ሆነ የራሱም ሰውነት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ከሩቅ የሚያየው ሰው ድንጋዩን ባያይ እንኳ ከእረኛው መወዛወዝ የተነሣ በእጁ የሚዞር ነገር እንዳለ ያውቃል። ፕላኔትም ኮከቡን ሲዞር እንዲሁ ያወዛውዘዋል። ይህ መወዛወዝ የሚታወቀው ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና በየቀለሙ በሚከፍል መሣሪያ ነው፤ ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ በቀለሞቹ መካከል ያሉት ጥቋቍር መስመሮች ወደ ሐምራዊው፥ ሲርቅ ደግሞ ወደ ቀዩ ጥቂት ፈቀቅ ይላሉና። በ1995 ሚሼል ማዮርና ዲድየ ኬሎ የተባሉ የስዊስ ሊቃውንት በደቡብ ፈረንሳይ ካለው የኦት ፕሮቫንስ መመልከቻ ሆነው 51 ፔጋሲ የሚባለውን ኮከብ በዚህ መንገድ መረመሩ፤ ፀሐይን የሚመስል ኮከብ የሚዞር የመጀመሪያውንም ፕላኔት አገኙ። ፕላኔቱ ትልቅ ሲሆን ኮከቡን በ4 ቀን ከጥቂት ሰዓት ዞሮ ይጨርሳል፤ ከእኛ ፕላኔቶች አጣርድ እንኳ 88 ቀን ይፈጅበታልና ይህ ሁሉን አስደነቀ። ሁለቱም በ2019 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

በዚያው ዓመት የዓለም የከዋክብት ሊቃውንት ማኅበር እያንዳንዱ አገር ለአንድ ኮከብና ለፕላኔቱ ስም እንዲያወጣ ፈቅዶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፥ ፕላኔቱም «አቦል» ተብሎ ተሰየመ። ስሙ ያማረ ነው፤ ሌላ ፕላኔት ቢገኝለት ቶናና በረካ ተዘጋጅተው ይቈያሉ። ቡና ከእኛ 200 የብርሃን ዓመት ያህል ስለሚርቅ ዛሬ የምንቀበለው ብርሃኑ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት ነው። በባዶ ዓይን አይታይም። አቦል ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ኮከቡንም ለመዞር ከ2 ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ነገር ግን የታወቀው በኮከቡ መወዛወዝ ነው እንጂ መልኩን ያየ ሰው የለም፤ መምህሩ የአቦል ሥዕል ነው የሚባል ወረቀት ቢያገኝ የሠዓሊ አሳብ መሆኑን ለተማሪዎቹ ይንገራቸው።

ሁለተኛው መንገድ ቀላል ነው። በፋኖስ ፊት ዝንብ ሲያልፍ ብርሃኑ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ፕላኔትም በኮከቡ ፊት ሲያልፍ እንዲሁ ነው። ጁፒተርን የሚያህል ፕላኔት ፀሐይን ከሚያህል ኮከብ ብርሃን ከ100 እጅ አንዱን ይከለክላል፤ ምድራችንን የሚያህለው የሚከለክለው ግን ከ10,000 እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ኬፕለር የተባለው መነጽር በ2009 ወደ ሰማይ ተልኮ እስከ 2018 ድረስ ከ150,000 የሚበልጡ ከዋክብትን እንዲህ ሲጠብቅ ኖረ፤ በእርሱም ምክንያት ከ2,600 በላይ ፕላኔቶች ታወቁ። በጠቅላላው እስከ 2025 ድረስ የተረጋገጡት ከ6,000 አልፈዋል።

ፕላኔቱን ራሱን ለማየት ግን ወጣት ከዋክብትን መፈለግ አስፈለገ። ኮከብ የሚወለደው ከጋዝና ከትቢያ ደመና ነው፤ ደመናው በገዛ ክብደቱ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፥ የተረፈውም በኮከቡ ዙሪያ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዞራል። ፕላኔቶችም ከዚህ ትቢያ ይሠራሉ። አዲስ ፕላኔት ከእቶን እንደ ወጣ ብረት ገና ትኵስ ነውና ዓይናችን የማያየውን፥ ከቀይ ወዲያ ያለውን የሙቀት ብርሃን ይሰጣል፤ በዚህ ብርሃን ጧፏ ከደመራው ጋራ ያላት ልዩነት ያንሳል።

በቺሌ አገር በአታካማ ምድረ በዳ፥ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ፥ አልማ የሚባሉ 66 ሳሕን መሰል መቀበያዎች ተተክለዋል። እነዚህ በ2014 በሠውር ክፍል ያለውን ኤች ኤል ታውሪ የሚባለውን ወጣት ኮከብ አነሡ፤ በዙሪያው ያለው ትቢያ ቀለበት በቀለበት ሆኖ፥ በመካከሉም ጨለማ ክፍተት እየገባበት ታየ። ክፍተቱን የጠረጉት ፕላኔቶች ሳይሆኑ አይቀሩም ይባላል፤ ይህ ግን ግምት ነው፥ የታየው ቀለበቱ ነው።

በሌላው ኮከብ ላይ ግን ከግምት አለፈ። ፒ ዲ ኤስ 70 የሚባለው ኮከብ 370 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ዛሬ የሚደርሰን ብርሃኑ የተነሣው ዐፄ ፋሲል በጎንደር በነገሡበት ዘመን ነው። ዕድሜው 5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ይህ ለሰው ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ፀሐይ 4,600 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል። ፀሐይን የ46 ዓመት ሰው ብናደርጋት ይህ ኮከብ ገና ክርስትና ያልተነሣ የ18 ቀን ሕፃን ነው። በቺሌ በፓራናል ተራራ ያሉት መነጽሮች መስተዋታቸው 8.2 ሜትር ስፋት አለው። በቀትር ሜዳ ላይ አየሩ ሲንቀጠቀጥ ማዶ ያለው ዛፍ እንደሚወላገድ ሁሉ የኮከብም ምስል በአየር ምክንያት ይወላገዳል፤ ስለዚህ ሌላ ትንሽ መስተዋት በኮምፒዩተር እየታዘዘ በየሰከንዱ ብዙ መቶ ጊዜ እየተጣጠፈ ምስሉን ያቀናዋል። ደግሞ ሰው ፀሐይን በመዳፉ ጋርዶ እንደሚያይ የኮከቡን ብርሃን የሚጋርድ ክዳን ይደረግበታል። በዚህ ብልኀት በ2018 በትቢያው ክፍተት ውስጥ አንድ ፕላኔት ታየ፤ በ2019 ሁለተኛው ተጨመረ። በ2021 ደግሞ በሁለተኛው ፕላኔት ዙሪያ ሌላ የትቢያ ምጣድ መኖሩን በአልማ አረጋገጡ፤ ከዚህ ትቢያ ጨረቃዎች ሊሠሩ ይችላሉ። የእኛም ምድር ገና ስትሠራ ማንም ሊያይ ስላልቻለ፥ ይህ ሕፃን ኮከብ ያለፈውን ዘመናችንን ለመረዳት ከሁሉ የሚሻል ይመስለኛል።

በታኅሣሥ 25 ቀን 2021 የተላከው ጄምስ ዌብ የሚባለው መነጽር ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎሜትር ርቆ ይገኛል፤ መስተዋቱ ከ18 ክፍል የተገጠመ ሆኖ 6.5 ሜትር ስፋት አለው። ፕላኔት በኮከቡ ፊት ሲያልፍ በፕላኔቱ አየር ውስጥ ያለፈውን ብርሃን መርምሮ አየሩ ከምን እንደ ተሠራ ያስታውቃል። በ2022 ዋስፕ 39 የሚባለውን ኮከብ በሚዞር ትልቅና ሙቅ ፕላኔት አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን፥ እኛም ስንተነፍስ የምናወጣውን ጋዝ አገኘ። ከዚህ ተነሥተው በዚያ ሰው አለ ብለው የሚያወሩ አሉ፤ አይደለም። ይህ ጋዝ ሕይወት በሌለበት በዝሁራና በመሪኅ አየርም ሞልቷል፤ እስካሁንም ከምድር በቀር ሕይወት ያለው ነገር በየትም አልተገኘም። ሽማግሌዎች የእግዚአብሔር ሥራ በምድር ብቻ ተወስኗልን ብለው ቢጠይቁ ግን፥ መነጽር በዚህ ነገር ፈራጅ አይደለም።

በአገራችንም በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት ያላቸው ሁለት መነጽሮች አሉ። መነጽር የሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ በጥር ወር መጨረሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ ያውጣ። ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት ቢሆን ይሻላል። ከአናት ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብለው በአንድ መስመር የተሰለፉ ሦስት ከዋክብት ይታያሉ፤ የኦሪዮን መታጠቂያ የሚባሉት እነርሱ ናቸው። ከእነርሱ ወደ ደቡብ ወገን ደግሞ እንደ ሰይፍ የተንጠለጠሉ ትንንሽ ከዋክብት አሉ፤ መካከለኛውን ልብ ብሎ የሚያይ ልጅ እንደ ሌላው ኮከብ የጠራ ሳይሆን እንደ ጢስ የደበዘዘ ሆኖ ያገኘዋል። እርሱ 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል የራቀ የጋዝ ደመና ነው፤ በውስጡም አዳዲስ ከዋክብት ይወለዳሉ፥ በብዙዎቹም ዙሪያ ሀብል የተባለው መነጽር የትቢያውን ምጣድ አይቶአል።