የሆንግ ኮንግ የእግር መንገዶችና የደረቁ ወራት አደጋ

ሆንግ ኮንግ ሲባል በብዙዎቻችን ዓይን የሚመጣው ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረደረበት፣ ሰው መተላለፊያ ያጣበት ከተማ ነው። ይህ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ከሆነው መሬቷ 40 በመቶ የሚደርሰው በሕግ የተጠበቀ ተራራ፣ ደንና የባሕር ዳርቻ ሲሆን፣ በውስጡም ሕዝቡ በዕረፍት ቀኑ የሚጓዝባቸው የእግር መንገዶች ተዘርግተዋል። እኛ ሰልጣኞች ስለነዚህ መንገዶች ለመጻፍ የተነሣነው ሽርሽር አምሮን አይደለም። ነገ ተማሪ አሰልፈን ለተፈጥሮ ጥናት ወደ ዱር የምንወጣ ሰዎች ነን። ስለዚህ መንገድ እንዴት እንደሚሠራ፣ በየትኛው ወር ምን እንደሚያሰጋ ማወቅ የሥራችን አንዱ ክፍል ነው።

በቅድሚያ የአየሩን ጠባይ እንመልከት። ሆንግ ኮንግ የምትገኘው በ22ኛው ዲግሪ ሰሜን ላይ፣ ማለትም ከሰሜናዊው የሐሩር መስመር ትንሽ ወደ ደቡብ ገባ ብላ ነው። እንግዲህ በካርታ ብቻ ከፈረድን የሐሩር አገር ልንላት ነው። የጂኦግራፊ መጻሕፍት ግን የአየር ጠባይዋን ከፊል ሐሩር ይሉታል። ምክንያቱ ነፋሱ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ከእስያ ዋና ምድር የሚነሣው ቀዝቃዛና ደረቅ ነፋስ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ከግንቦት እስከ መስከረም ደግሞ አቅጣጫው ይገለበጥና ከባሕር እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል። በዓመት ከሚዘንበው 2,400 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ 80 በመቶ የሚሆነው በእነዚህ ወራት ይወርዳል፤ ታይፉን የሚባለው ብርቱ አውሎ ነፋስም የሚበዛው ያኔ ነው።

ዛሬ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ተራራ ብዙው በሰው እጅ የለማ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከ1941 እስከ 1945 እ.አ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጃፓን ወረራ ሥር ሳለች፣ የሚነድ ነገር ጠፍቶ ዛፉ እየተቆረጠ ተራራው ተራቁቶ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እንደ ታይዋን ግራርና ከአሜሪካ እንደመጣ የፓይን ዘር ያሉ ቶሎ የሚያድጉ ዛፎች ተተከሉ። የጥንቱ ደን ቅሪት የሚገኘው በየመንደሩ ጀርባ ነው። ገበሬው ፌንግ ሹይ በሚባለው እምነት መሠረት ከመንደሩ ጀርባ ያለው ደን ነዋሪውን ይጠብቃል ስለሚል መጥረቢያ አያሳርፍበትም። በደጋው አገራችን በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ተከብሮ የኖረውን ደን ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

በ1976 የገጠር ፓርኮች ሕግ ወጣ፤ በዓመቱም የመጀመሪያዎቹ ፓርኮች ተከለሉ። ግዛቲቱ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ሥር ነበረች፤ ወደ ቻይና የተመለሰችው በ1997 ነው። አገረ ገዢው መሪ ማክለሆዝ ራሳቸው በእግር መጓዝ የሚወዱ ሰው ነበሩና፣ በስማቸው የተጠራው ትልቁ መንገድ በ1979 ተከፈተ። ርዝመቱ 100 ኪሎ ሜትር ሲሆን በ10 ክፍል ተከፋፍሏል። በምሥራቅ ከሳይ ኩንግ ተነሥቶ በምዕራብ ቱን ሙን ላይ ያልቃል። የመጀመሪያው ክፍል አንድ ትልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ እየዞረ ይሄዳል። ማጠራቀሚያው የተገኘው በአንድ ደሴትና በዋናው መሬት መካከል የነበረውን ጠባብ ባሕር በሁለት ግድብ ዘግተው ነው። ከምሥራቁ ግድብ አጠገብ ባለ ስድስት ማዕዘን የድንጋይ ዓምዶች ተደርድረው ቆመዋል፤ ከ140 ሚሊዮን ዓመት ያህል በፊት ከእሳተ ገሞራ የወጣው ትኩስ ነገር ሲቀዘቅዝና ሲኮማተር የተሰነጠቀው እንዲህ ሆኖ ነው። ይህን በቅርቡ ያገኘ መምህር ስለ እሳተ ገሞራ ሰሌዳ ላይ ጠመኔ ሊጨርስ አይገባውም!

ከዚያ አሸዋማው የባሕር ዳርቻ፣ ቀጥሎም ተራራው ይመጣል። በካም ሻን አካባቢ ጦጣዎቹ የመንገደኛውን ፌስታል እየነጠቁ ያስቸግራሉ፤ እነሱን መመገብ በሕግ የተከለከለ ነው። በ8ኛው ክፍል መንገዱ 957 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ታይ ሞ ሻን ይወጣል። ለደገኛ 957 ሜትር ቁም ነገር ላይመስለው ይችላል። ግን እኮ መውጣቱ የሚጀመረው ከባሕሩ ጫፍ ነው፤ ወበቁም አለ።

እኛን ከሁሉ የበለጠ የማረከን ግን ምሰሶው ነው። በየ500 ሜትሩ ቁጥር የተጻፈበት አጭር ምሰሶ ተተክሏል፤ በ100 ኪሎ ሜትሩ ላይ 200 ምሰሶ መሆኑ ነው። በላዩ ከቁጥሩ ሌላ የቦታው የካርታ መለያም አለበት። እግሩ የተሰበረ ወይም ጭጋግ የያዘው መንገደኛ ያለፈውን ምሰሶ ቁጥር በስልክ ቢናገር አዳኞቹ በቀጥታ ይደርሱለታል። «ከትልቁ ዛፍ አለፍ ብሎ» እያሉ መጨነቅ የለም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ለጉዞ የሚመረጠው ደረቁና ነፋሻው ወቅት ነው፤ ዝናብ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ትምህርት ቤቶችም ተማሪ ይዘው ይወጣሉ። የሰደድ እሳት ወቅትም ይኸው ነው። በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1996 የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች ፓት ሲን ሌንግ በተባለው ተራራ የተፈጥሮ መንገድ ላይ ሲጓዙ እሳት ተነሣባቸው። 3 ተማሪዎችና 2 መምህራን ሞቱ፤ 13 ሰዎች ተጎዱ። መምህራኑ የሞቱት ተማሪዎቻቸውን ለማዳን ሲጥሩ ነው። ለመታሰቢያቸው እዚያው «የፀደይ ነፋስ» የተባለ የማረፊያ ዳስ ተሠርቷል። በቻይናውያን አነጋገር የፀደይ ነፋስ የመልካም መምህር ትምህርት ምሳሌ ነው።

ለምን አላመለጡም? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። እሳት ዳገት ሲወጣ ነበልባሉ ወደ ተዳፋቱ ስለሚጠጋ ከፊቱ ያለውን ሣር አስቀድሞ እያሞቀ ያደርቀዋል። በዚህ የተነሣ ሽቅብ በሄደ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል። ሰው ደግሞ በተቃራኒው ዳገት ላይ ይዝላል፤ ልጅ ሲሆን የባሰ ነው። ስለዚህ ከላይ አስተማማኝ ቦታ መኖሩን እስካላወቁ ድረስ ሽቅብ መሮጥ አይመከርም። መሄድ የሚገባው ሣርና ቁጥቋጦ ወደሳሳበት ነው። ጨርሶ መውጫ ከጠፋም ገላን በረጠበ ጨርቅ ሸፍኖ እሳቱ በልቶ ወዳለፈው መሬት መሻገር ይመረጣል፤ ዳግም የሚነድ ነገር የለበትምና።

የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ በደረቁ ወራት የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ቢጫው አደጋው ከፍተኛ መሆኑን፣ ቀዩ እጅግ የከፋ መሆኑን ይገልጻል። በቀዩ ቀን ተማሪ ይዞ ሣራማ ተራራ መውጣት በእኛ አስተያየት ጨርሶ ሊታሰብ አይገባም፤ አውቶቡስ የተከራየ ቢሆንም፣ ልጆቹ ሲጠብቁት የከረሙት ቀን ቢሆንም። ሌላው መጠንቀቂያ ሕዝቡ የዘመዶቹን መቃብር የሚያጸዳባቸው ሁለት በዓላት ናቸው፤ አንዱ በሚያዝያ ገደማ፣ ሌላው በጥቅምት። መቃብሮቹ ብዙዎቹ በተራራው ጎን ላይ ሲሆኑ፣ በዚያ ዕጣንና ወረቀት ስለሚቃጠል ብዙ የሰደድ እሳት የሚነሣው በእነዚህ ቀናት ነው።